አባቶቻችንን የተጫወቱት ሁለት ሰዎች

በአገር ቤት መርዶ እንዲሁ አይነገርም ነበር። ሟቹ ሩቅ አገር ከሆነ፣ ወሬው ቀድሞ የደረሰው ሰው በሆዱ ይዞ ያድራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ከዚያም ገና ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። በሩ የተንኳኳበት ሰዓት ራሱ ነገሩን ይናገራል። ዛሬ እዚህ እስራኤል ውስጥ የታዋቂ ሰው ሞት የሚሰማው ግን በስልክ ነው። የልጅ ልጅ በጫነው ፌስቡክ፣ ወይም ከአጎት ልጅ በተላከ ዋትሳፕ፤ ሻማ የበራበት ፎቶግራፍ፣ ከጀርባው ዋሽንት። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ውሸት ነው። በቤቱ ቡናውን እየጠጣ ያለ አርቲስት "አረፈ" ተብሎ ስንቴ ተለቅሶለታል! ስለዚህ ብዙ አባቶችና እናቶች እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣ ቶሎ አያምኑም፤ ደህና ነው።

በ2025 በነሐሴ ወር የደበበ እሸቱ ፎቶ በዚሁ መንገድ ሲመጣ መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ "እውነት ነው እንዴ?" የሚል ነበር። እውነት ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ "የቱ ደበበ?" ነው። ስሙን የማያስታውሱት ግን መልኩን ሲያዩ ወዲያው አወቁት፦ ያ አባት! ዲራውን ሸጦ በልጆቹ ቤት የዞረው!

ለአዲስ አበባ ሰው ደበበ እሸቱ ማለት ሌላ ነው። የመድረክ ሰው ናቸው፤ በሃንጋሪ ቡዳፔስት ተምረው የተመለሱ፣ በአገሪቱ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት የሠሩ። በ1973 አሜሪካኖች "ሻፍት ኢን አፍሪካ" የተባለውን ፊልም በከፊል ኢትዮጵያ ውስጥ ሲቀርጹ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተጫውተዋል። (ራውንድትሪም በ2023 ነው ያረፈው።) በኋላም ወደ ፖለቲካ ገብተው ነበር፤ ከ2005ቱ ምርጫ ማግስት ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው በ2007 ተፈትተዋል። ይህን ሁሉ በእስራኤል ያለ ተመልካች ላያውቅ ይችላል። እዚህ የሚታወቁት በአንድ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተር ባዚ ጌቴ በሠራውና በ2014 በኢየሩሳሌም የፊልም ፌስቲቫል በታየው "ቀይ ቅጠሎች"፣ በዕብራይስጡ "ዓሊም አዱሚም"።

የፊልሙን ታሪክ ያላዩት እንዲከተሉት በአጭሩ፦ አባትየው 74 ዓመታቸው ነው። ወደ እስራኤል ከገቡ 28 ዓመት ሆኗቸዋል፣ ግን ዕብራይስጡ አልገባላቸውም፣ ሊገባላቸውም አልፈለጉም። ሚስታቸው ሞታለች። ሐዘኑ ሲያልቅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ዲራውን ሸጫለሁ፣ ከእንግዲህ ከእናንተ ጋር በየተራ እኖራለሁ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ከቤት ወደ ቤት ነው። በአንዱ ቤት የልጃቸውን ጠባይ አይወዱትም፣ በሌላው የምራታቸውን፤ የትም ቢሄዱ የሚናገሩት ቃል የሚወድቅበት ቦታ የለም። ባዚ ጌቴ መነሻውን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሼክስፒር "ንጉሥ ሊር" ነው፤ መንግሥቱን ለሴት ልጆቹ አከፋፍሎ በኋላ በራቸው ላይ ከቆመው ንጉሥ።

ከፊልሙ በኋላ የሚነሳው ክርክር አሁንም አላለቀም፤ ደበበ ካረፉ ወዲህም እንደገና ተነስቷል። አንዱ ወገን አባትየው ተበድለዋል ይላል። ሽማግሌ አባት በአገር ቤት ብቻውን አያድርም ነበር፤ የልጅ ቤት የአባት ቤት ነው፣ አስፈቅዶ የሚገባ አባት የለም። ሌላው ወገን፣ እሱም ከሽማግሌዎች ነው፣ ቁጣውን በአባትየው ላይ ያደርጋል። ዘመኑን አላወቀም፣ በሰው ቤት ገብቶ አዘዘ፣ ምራቱን አስቀየመ፣ አፉን አልሰበሰበም። ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው። ያቺ የሞተችው ሚስት ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ባዮች ናቸው። ልጆቹን ከአባታቸው ጋር ስታስታርቅ የኖረች እሷ ነበረችና። በፊልሙ ውስጥ የማትታየው ሴት የፊልሙ ምሰሶ መሆኗን እነሱ ናቸው ያዩት።

የዲራው ነገር ግን ለብቻው ይታይ። ለእንግሊዙ ንጉሥ መሬት ማከፋፈል የዘር ወግ ነው። ቤተ እስራኤል ግን በጎንደር ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ርስት የተነፈገ ሕዝብ ነበር፤ የሚያርሰው የሌላ ሰው መሬት፣ የሚኖረው በብረትና በሸክላ ሥራ፣ በሽመናና በግንበኝነት። ከመርከዝ ቅሊታው ወጥቶ፣ በማሽካንታ ተበድሮ የገዛት ሦስት ክፍል ዲራ ለብዙው ሰው በአባትም በአያትም ያልነበረች የመጀመሪያ ርስት ናት። ስለዚህ አባትየው ዲራውን ሸጫለሁ ሲሉ ዕብራይስጥ ተናጋሪው ተመልካች የገንዘብ ጉዳይ ይመስለዋል፤ አማርኛ የሚሰሙት ግን እዚያ ላይ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሼክስፒር ራሱ ይህን ያህል ከባድ ሽያጭ አልጻፈም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደበበ እሸቱ ከቤተ እስራኤል አልነበሩም። ሱዳንን በእግር አላቋረጡም፣ በመርከዝ ቅሊታ አልኖሩም፣ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ አልመለሱላቸውም። ከአዲስ አበባ መጥተው ፊልሙን ሠርተው ሄዱ። ሆኖም የወንበር አቀማመጣቸው፣ ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉበት እጅ፣ ቁጣ ሲመጣባቸው የሚዘጉት አፍ የአንድ የምናውቀው ሰው ነው። ለዚህ ነው በሞታቸው ጊዜ ሰው ስሙን ሳያውቅ ያዘነው። በፊልም ያየው የራሱን አባት ነበርና፣ አባቱ ደግሞ ካረፈ ቆይቷል።

ከዚህ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ሞት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ያዘኑት የልጅ ልጆቹ ናቸው። በሴፕቴምበር 6 ቀን 2021 አሜሪካዊው ተዋናይ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ በኒውዮርክ ብሩክሊን በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ተገኘ፤ 54 ዓመቱ ነበር፣ የገደለውም አደንዛዥ ዕፅ ነው። ወጣቶቹ የሚያውቁት "ዘ ዋየር" በሚባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ኦማር ሆኖ ሲጫወት ነው፤ ፊቱ ላይ ረጅም ጠባሳ ያለው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው። አያቶቹ ኦማርን አያውቁም። ግን ይህ ሰው በ2019 በኔትፍሊክስ በወጣው "ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት" ውስጥ ከበደ ቢምሮ የሚባለውን ሰው የተጫወተ ነው። ከበደ ቢምሮ የተቀዳው ደግሞ ከፈረደ አክሉም ነው።

ስለ ፈረደ አክሉም ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ከትግራይ የወጣ መምህር፣ ሱዳን ገብቶ ወደ እስራኤል በላከው ደብዳቤ መንገዱን ያስከፈተ፣ ከሞሳዱ ዳኒ ሊሞር ጋር ሆኖ ሰውን ከስደተኛ ሠፈር ማውጣት የጀመረ፣ በ2009 ኢትዮጵያን ሊጎበኝ ሄዶ እዚያው ያረፈ። ፊልሙ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ በአሩስ ስለተከፈተው የውሸት የቱሪስት ሆቴል ነው፤ ቀን ፈረንጅ እየዋኘ፣ ሌሊት የኛ ሰው በጀልባ የሚወጣበት። ታሪኩ እውነት ነው። አወራሩ ግን ብዙ ሰው አስቀይሟል፤ ቅሬታው ያኔም በአደባባይ ተነግሯል። መሪው ነጭ ነው፣ የሚቀልደው ነጭ ነው፣ የሚፎክረው ነጭ ነው፤ ከጎንደርና ከትግራይ በእግሩ የመጣው ሕዝብ በጭነት መኪና ላይ በዝምታ ተቀምጧል። በሱዳን መንገድና በሠፈሮቹ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንደቀረ የሚያስታውስ ሰው ያንን ዝምታ እንዴት ይችለዋል?

ግን ፍርድ ለመስጠት ዊሊያምስን ለይቶ ማየት ይገባል። ትንሽ ቦታ ነው የተሰጠው፤ በተሰጠው ቦታ ግን አልቀለደም። ወጣቶቹ ሲሞት "ኦማር ሞተ" ብለው ስልካቸውን ሲያሳዩ፣ አንዳንድ ቤት ውስጥ አያትየው ፎቶውን አይተው "ይኼማ ፈረደን የሆነው ነው" አሉ። አንድ ሰው፣ ሁለት ስም። ልጁ ፈረደ ማን እንደሆነ የጠየቀው ያን ቀን ከሆነ ደግሞ፣ ፊልሙ ራሱ ሳያስበው አንድ ሥራ ሠርቷል።

የገዛ ልጆቻችን የሠሩትስ? አሉ። በ2008 ሽሙኤል በሩ "ዘሩባቤል"ን ሠራ፤ ከኢትዮጵያ በመጣ ሰው ተጽፎ የተዘጋጀ የመጀመሪያው የእስራኤል ረጅም ፊልም እሱ ነው። በ2018 ደግሞ ዓለምወርቅ ዳዊድያን "የበለስ ዛፍ"ን ሠራች። እሷ በ11 ዓመቷ የመጣች ናት፤ ፊልሙም በአዲስ አበባ የደርግ ማብቂያ ዘመን ላይ ነው፤ ሚና የምትባል አይሁዳዊት ልጅ ቤተሰቦቿ ለእስራኤል ጉዞ ሲዘጋጁ የምትወደውን ክርስቲያን ልጅ ከአፈሳ ለማዳን የምትሮጥበት። በቶሮንቶ ተሸልሟል። አፈሳ ማለት ምን እንደሆነ ለእስራኤላዊ ተመልካች ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ልጁን በጎተራ የደበቀ አባት ግን ወታደሮቹ ሰፈሩን ሲከቡ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አይችልም።

ከሁሉም የበለጠ ያከራከረው ግን የ2005ቱ የራዱ ሚሃይሊያኑ ፊልም ነው፣ በዘመቻ ሙሴ ጊዜ ክርስቲያን እናቱ አይሁዳዊ ነኝ በል ብላ ከሱዳን ሠፈር የላከችው ልጅ ታሪክ። በዓለም ተወዶለታል፣ በበርሊን ተሸልሟል፣ ትልቁን ልጅ ሆኖ የተጫወተው ሲራክ ሳባሃትም ራሱ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው። ጥሩ ፊልም ነው፣ እንባም ያስመጣል። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም፤ አይሁድነታችሁ አጠራጣሪ ነው ተብለን ስንት ዓመት ስንከራከር፣ ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው መሀል ፊልም የሚሠራለት አይሁዳዊ ያልሆነው አንዱ ልጅ ሆነ? ይህን ቅሬታ ፊልም አለማወቅ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ነው። በራባኑት ፊት ቆሞ ስለ አባቱ ስም የተጠየቀ ሰው ፊልሙን ከሌላ ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚያየው።

"ቀይ ቅጠሎች" አሁንም እየተፈለገ ይታያል፤ ከደበበ ሞት ወዲህም ያላዩት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሊያዩት የሚፈልጉ አልጠፉም። ፊልሙን በቤት አብሮ ማየት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አባትየው በአማርኛ ሲናገሩ ከታች ዕብራይስጥ ይጻፋል፤ የልጅ ልጅ ያነባል። ልጆቻቸው በዕብራይስጥ ሲመልሱ ደግሞ አያትየው "ምን አለው?" ይላሉ፣ ልጁ ይነግራቸዋል። ደበበ ተናግረው ጽሑፉ አሳጥሮ ያለፈው ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ዞሮ የሚጠይቀው ልጁ ነው፤ አያትየው ፊልሙን እንዲያቆምላቸው ይነግሩትና ያስረዱታል።