ቀለሙ የጠፋ ፍሳሽ ሁሉ ንጹሕ አይደለም
የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ፍሳሽ በተሕዋስያን ስለ ማከም

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሚጠቀምበት ውኃ አብዛኛው ክሩና ጨርቁ ታጥቦ፣ ነጥቶና ቀለም ተነክሮ ሲያበቃ ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። ይህ ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ ትኩስ፣ ጨው የበዛበትና አልካላይን ሲሆን፣ ከጨርቁ ጋር ያልተዋሐደ ማቅለሚያም ይገኝበታል። ለጥጥ ከሚያገለግሉት ሪአክቲቭ ማቅለሚያዎች፣ እንደ ዓይነታቸውና እንደ አሠራሩ፣ ከ10 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከፍሳሹ ጋር ሊወገድ ይችላል። ይህን ቀለም ለማጥፋት ተሕዋስያንን መጠቀም ከኬሚካል ማከሚያዎች አንጻር ወጪው አነስተኛ የሆነ ዘዴ ነው። ይሁንና ለጤና ባለሙያ ዋናው ጥያቄ ቀለሙ መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን በምን እንደ ተተካ ማወቁ ነው።

በኢንዱስትሪ ከሚሠራባቸው ማቅለሚያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት “አዞ” በመባል የሚታወቁት ናቸው። መለያቸው በድርብ ቦንድ የተያያዙ ሁለት የናይትሮጅን አተሞች ሲሆኑ፣ ይህ ቦንድ ሲበጠስ ቀለሙ ይጠፋል። ድርጊቱ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። ለአልሰራቲቭ ኮላይትስ የሚታዘዘው ሰልፋሳላዚን ራሱ የአዞ ውሁድ ነው። መድኃኒቱ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች አዞሪዳክቴዝ በተባሉ ኤንዛይሞች ቦንዱን በጥሰው ሰልፋፒሪዲንና 5-አሚኖሳሊሲሊክ አሲድ ያስገኛሉ። በፍሳሽ ማከሚያ ገንዳ ውስጥ የሚከናወነውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ኦክሲጅን በሌለበት ገንዳ ይካሄዳል። ባክቴሪያዎቹ ክሩን ለማጠንከር ከተቀባው ስታርችና ከመሳሰለው ምግብ ኤሌክትሮን ወስደው ለአዞ ቦንድ ይሰጣሉ። ኦክሲጅን ካለ ኤሌክትሮኑን ስለሚሻማ ሥራው ይስተጓጎላል። ቦንዱ ሲበጠስ ውኃው ይጠራል፤ ነገር ግን በቀለሙ ምትክ አሮማቲክ አሚኖች ይቀራሉ። እነዚህም ኦክሲጅን በሌለበት ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ አይፈርሱም።

አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሉድቪግ ሬን በማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያየውን የሽንት ፊኛ ዕጢ ይፋ አደረገ። ከጊዜ በኋላ ቤንዚዲንና 2-ናፍታይላሚን የተባሉት አሚኖች የፊኛ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ተረጋግጦ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በአንደኛው ምድብ መድቧቸዋል። እርግጥ ነው፣ ሁሉም የአዞ ማቅለሚያዎች እንዲህ ዓይነት አሚን አያስገኙም። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ 22 አሮማቲክ አሚኖችን ሊያስገኙ የሚችሉ የአዞ ማቅለሚያዎች ከቆዳ ጋር በሚነካኩ ጨርቆች ላይ እንዳይውሉ ከልክሏል።

ስለሆነም ኦክሲጅን የሚነፋበት ሁለተኛ ገንዳ የግድ ያስፈልጋል። በዚህ ደረጃ ሌሎች ባክቴሪያዎች በኦክሲጅን እየታገዙ የአሚኑን ቀለበት ከፍተው ያፈርሱታል። ሰልፎኔት ያለባቸው አሚኖች ግን በቀላሉ ስለማይፈርሱ የተለማመዱ ተሕዋስያንና ረዘም ያለ የቆይታ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ተሕዋስያኑ ሕይወት ያላቸው እንደ መሆናቸው ገደብ አላቸው። ፍሳሹ ካልቀዘቀዘና አልካላይነቱ ካልተስተካከለ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካላገኙ ይዳከማሉ፤ ለማንጫ የዋለው ክሎሪን ሲደርስባቸውም ይሞታሉ። በአንዳንድ ማቅለሚያዎች ውስጥ የሚገኙትን ክሮሚየምና መዳብ ደግሞ ሊያፈርሷቸው አይችሉም። ብረቶቹ በዝቃጩ ውስጥ ስለሚጠራቀሙ፣ ዝቃጩን ሳይመረምሩ በአትክልት ማሳ ላይ መድፋት አደጋውን ከውኃ ወደ ምግብ ማዛወር ይሆናል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አክሞ መልሶ እንዲጠቀምበትና ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ማከሚያ በሌለበት፣ ፋብሪካና ወንዝ በሚጎራበቱበት ሥፍራ ግን በታች በኩል ያለው ነዋሪ ውኃው መጥራቱን አይቶ ሊቀዳው፣ ከብት ሊያጠጣበት ወይም አትክልት ሊያለማበት ይችላል። “ውኃው ደኅና ነው ወይ?” ብሎ የሚጠይቀውም በአቅራቢያው ያለውን የጤና ባለሙያ ነው።

ባለሙያው መልስ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያጣራ መልካም ነው፦ ኦክሲጅን ከሌለበት ገንዳ በኋላ ኦክሲጅን የሚነፋበት አለ ወይ? ምርመራው ከቀለምና ከኦክሲጅን ፍላጎት አልፎ አሚኖችንና መርዛማነትን ያካትታል ወይ? ዝቃጩስ የት ይደፋል? በክሊኒክም ቢሆን ሕመም ሳይሰማው ደም የሚሸና ታካሚ ሲመጣ፣ አሁን ስለሚሠራው ብቻ ሳይሆን ከ20 ዓመትና ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ሥራ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ካንሰሩ ራሱን የሚገልጸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነውና።

ተሕዋስያን ሥራቸውን እስከ መጨረሻው እንዲሠሩ ሁኔታው ከተመቻቸላቸው ታላቅ አጋዥ ናቸው። ሥራው በመካከል ከተቋረጠ ግን የሚታየው ጉዳት በማይታይ ጉዳት ይተካል።