ያገለገለ ሞተርና ካምቢዮ ሲገዙ፤ ከዋጋው በፊት የሚታዩ ነገሮች

ከቆቃ ሐይቅ ዳር የተለቀመ ቲማቲም ቀን አይሰጥም፡፡ ቲማቲም የጫነች ፒክአፕ አዲስ አበባ ሳትደርስ ሞተሯ ቢነክስ ኪሳራው የጋራዡ ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የጭነቱም ነው፡፡ ስለዚህ ሞተር ሊለውጥ ያሰበ ባለመኪና አስቀድሞ ማስላት ያለበት የሞተሩን ዋጋ ብቻ አይደለም፡፡

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፡፡ ያለችውን መኪና ሞተር ለውጦ ማቆየት ከዚህ ወዲህ ይበልጥ የሚታሰብበት ጉዳይ ሆኗል፡፡ ታክስ ሰውን ወደ አሮጌ ሞተር ሲመራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፡፡ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛውያን የግዢ ታክስን ለመሸሽ እንደ ሎተስ ሰቨን ያሉ መኪኖችን በየክፍሉ ገዝተው፣ የፎርድ ሞተር ጨምረው ቤታቸው ይገጣጥሙ ነበር፡፡

የትኛው ሞተር?

ለቶዮታ ሃይሉክስና ለሚኒባስ የሚፈለጉት የናፍጣ ሞተሮች በአብዛኛው ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፡፡ 2ኤል 2 ሺህ 446፣ 3ኤል 2 ሺህ 779፣ 5ኤል ደግሞ 2 ሺህ 986 ሲሲ ነው፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል፡፡ ቆቃ 1 ሺህ 600 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ አዲስ አበባ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ናት፡፡ ስለዚህ መኪናዋ ጭነት ይዛ ዳገቱን ወጥታ አዲስ አበባ ስትደርስ፣ በባሕር ወለል ላይ ከሚኖራት ጉልበት ሩብ ያህሉ ይቀንሳል፡፡ ለጭነት ሥራ 3ኤል ወይም 5ኤል የሚመረጠው ለዚህ ነው፡፡ 2ኤል ቱርቦ ጉልበት ቢኖረውም ሙቀት ሲበዛበት ቴስታታው በመሰንጠቅ ይታወቃል፤ ለስምጥ ሸለቆ ሐሩር አይመከርም፡፡

ሞተሮቹ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ግን ሁሉ ነገር ይገጥማል ማለት አይደለም፡፡ የዘይት ቋቱና የሞተር መቀመጫው ከመኪና መኪና ይለያያል፡፡ የሃይሉክስ ማርሽ መቀየሪያ በቀጥታ ከካምቢዮው ሲወጣ፣ የሚኒባሱ ከመሪው በኩል በዘንግ ይመጣል፡፡ ካምቢዮው ርዝመቱ ከተለየ ካርዳኑ ተቆርጦ መበየድ ይኖርበታል፡፡ ስለዚህ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑንና ሞተሪኖውን ከአንድ መኪና በአንድነት መግዛት ያዋጣል፡፡

ሲገዙ ምን ይፈተሽ?

ከሁሉ የሚሻለው ተጋጭታ ለዕቃ ከምትሸጥ፣ ነገር ግን ሞተሯ ከሚነሳ መኪና ላይ መግዛት ነው፡፡ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ካልጠበቀዎት ብርዱ ላይ ያስነሱት፤ ደካማ ሞተር የሚጋለጠው ያኔ ነው፡፡ ከዚያ የዘይቱን ክዳን ይክፈቱ፡፡ በኃይል የሚተነፍስና ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፋሻው አልቋል፡፡ ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፡፡ ወርዶ መሬት ላይ ለተቀመጠ ሞተር ደግሞ በእጅ ማዞርና ዘይቱን ማየት ግድ ነው፡፡ ከካምቢዮው ጥቂት ዘይት አፍስሰው በጣት ያሹት፤ የብረት ስባሪ ካለበት ይተዉት፡፡ የታይሚንግ ቺንጋውን ግን ደህና ቢመስልም ሳይለውጡ አይግጠሙ፡፡ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቩን ይዞ ይሄዳል፡፡

ወረቀቱ

የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ይሰፍራል፡፡ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ሞተር በነፃ ቢሰጥም አይወሰድም፡፡ የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይጠይቁ፤ ከመግጠምዎ በፊትም ጉዳዩን ለመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አቅርበው ለውጡን ያስመዝግቡ፡፡ ሞተሩና ሊብሬው ካልተስማሙ ምርመራውም ሽያጩም ይሰናከላል፡፡ ደላሎችም ቢሆኑ ገዢ ከማምጣታቸው በፊት ይህን ቢያጣሩ ከጣጣ ይድናሉ፡፡

በመጨረሻ የቆመ ቀንም ይታሰብ፡፡ በሳምንት 3 ጊዜ የምትመላለስ መኪና ሞተሩ አልገጥም ብሎ ለ3 ሳምንት ጋራዥ ብትቆም 9 ጉዞ አመለጣት ማለት ነው፡፡ ርካሽ ተብሎ የተገዛው ሞተር ያተረፈው ገንዘብ ከዚህ 9 ጉዞ ገቢ ጋር ይመዛዘን፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው፡፡