አስቴር ዘፈኗን ሳትጨርስ አትቁረጧት

በደንቢያዋ ቆላ ድባ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው፣ መንገዱ ቢያጥርም፣ አስቴር አወቀን ሳይሰማ መውረዱ ያጠራጥራል። ደንቢያም እንደ ጎንደር «የእኛ ልጅ» ይላታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ጎንደር ተወለደች፤ አዲስ አበባ አደገች። ጨጨሆን የመሰለ የጋይንት አገር ስም እ.ኤ.አ. በ2010 ለአልበሟ መጠሪያ ማድረጓ ደግሞ ይህችን ኩራታችንን ጨምሮልናል።

አንድ ወሬ ግን ሁልጊዜ ያበሽቀኛል፦ «አስቴርን ያወጣት አሜሪካ ነው» የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአገር ስትወጣ ሥራዋን አሳምራ የምታውቅ ዘፋኝ ነበረች። በሀገር ፍቅር ቲያትር ዘፍናለች፤ ከኮንቲኔንታል፣ ከሸበሌ፣ በኋላ ሮሃ ከተባለው አይቤክስ ባንድ ጋር ሠርታለች፤ የካሴት አሳታሚው አሊ ታንጎ ካሴቷን አውጥቶላታል። ዋሽንግተንም ስትደርስ የዘፈነችው እንጀራ በሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች፣ ለራሷ ወገን ነው። እንግሊዛውያን አሳታሚዎች እዚያ ሰሟት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 «አስቴር»፣ ቀጥሎም በ1991 «ካቡ» የተባሉት አልበሞች ለዓለም ገበያ ወጡ። የውጭ ጸሐፊዎች ከአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር አመሳሰሏት። ምስጋናው አይከፋም፤ ነገር ግን አስቴር በልጅነቷ ጆሮዋን የሰጠችው ለዘፋኟ ለብዙነሽ በቀለ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ፈረንጅ አገኛት እንጂ አልሠራትም።

የእኔ ፍቅር ግን ከታሪኳ ይልቅ የዘፈኖቿ ማብቂያ ላይ ነው። ግጥሙ ካለቀ በኋላ አስቴር አታልቅም። አንዲት «እ» ወይም «አ» ይዛ ድምፅዋን ሽቅብ ትሰደዋለች፤ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቶሎ አትወርድም፤ እያርገበገበች፣ እየሰበረች፣ በትንንሽ እጥፋት ታወርደዋለች። ትንፋሿን የምትስብበት እንኳ ይሰማል። ሳክስፎኑ ሲከተላት ከኋላ ቀርቶ እንደሚሮጥ ልጅ ነው። ትዝታ ላይ ከሆነ ደግሞ ቃል የማይችለውን ይህች ቃል አልባ እንጉርጉሮ ትጨርሰዋለች። ድምፅ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ድምፃቸውን እዚህ ቦታ ለቀው የሚያምኑት ግን ጥቂት።

ባለባጃጆቻችን የሚቆርጡት ይህንኑ ነው! ቤዙን ከፍ አድርገው ድምፅዋን ይቀብሩታል፤ ግጥሙ እንዳበቃ ወደሚቀጥለው ዘፈን ያልፋሉ። አንዱን ወጣት «እባክህ ተወው፣ ይለቅ» ብለው «ጋሼ፣ ዘፈኑ እኮ አልቋል» አለኝ። አላለቀም ነበር። የሠርግ ቤት ሰዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም፤ ለጭፈራ ሲሉ ፍጥነቱን ጨምረው ያጫውቱታል፤ ያኔ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል።

ስለዚህ ባለባጃጅ ወንድሜ፣ ቤዙን ትንሽ ቀንስ። ግጥሙ ሲያልቅም እጅህን ከቁልፉ አንሳ። ተሳፋሪው ቢወርድም አንተ ትሰማታለህ።