«ጃጁ» ከማለታችን በፊት

አረጋውያንን መጦር የኖረ ባህላችን ነው። ዛሬ ግን እዚህ ባሕር ዳር ልጆች ሥራ ውለው ያመሻሉ፤ የቀሩትም አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ናቸው። አልጋ የያዙ እናትና አባት የሚውሉት ከቤት ሠራተኛ ወይም ከተቀጠረች አስታማሚ ጋር ነው። ብዙዎቹ አስታማሚዎች ርኅራኄ አያንሳቸውም። ለመሆኑ ምን አስተምረናቸዋል?

በእኔ እምነት ስልጠናው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ማጠብ፣ መመገብ፣ ማልበስና ከአልጋ ማንሳት ነው። ከፍ ያለው ደግሞ ለውጥን አይቶ ለነርስ ወይም ለሐኪም በጊዜ መናገር ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ትናንት ደኅና ሲጫወቱ የነበሩ እናት ዛሬ ቀንና ሌሊቱ ቢምታታባቸው ወይም ፈዝዘው ቢውሉ ቤተሰቡ «ጃጁ» ብሎ ይተዋቸዋል። የመርሳት በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በወራትና በዓመታት ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መቃዠት ብዙ ጊዜ ሌላ መንስኤ አለው፤ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አረጋውያን ታመውም ትኩሳት ላያሳዩ ይችላሉ። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል፤ ካልተደረሰበት ይገድላል።

የአልጋ ቁስልም እንዲሁ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይጎላ ተረከዝንና ዳሌን በእጅ ዳስሶ መሞቁንና መጠንከሩን መለየት ያስፈልጋል። መገላበጥ ለማይችል በሽተኛ የተለመደው በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማስለወጥ ነው። ምግብም ትን እንዳይላቸው ቀና አድርጎ ነው።

ይህ የዲግሪ ትምህርት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን ሕግ ተከትሎ አሜሪካ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ ነርስ ረዳቶች ቢያንስ 75 ሰዓት፣ ከዚያም በየዓመቱ 12 ሰዓት እንዲሰለጥኑ ታዛለች። በዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች በአንድ ዓመት ስልጠና ምን መሥራት እንደሚችሉ አሳይቷል። ሲጀመር የነበሩት 16 ፓኬጆች ግን ለአረጋውያን እንክብካቤ ራሱን የቻለ ቦታ አልነበራቸውም።

ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ናቸው። ነርሶች በሚማሩባቸው ዎርዶች አስታማሚዎችም ለጥቂት ሳምንታት ቢሰለጥኑ ከተማችን ትጠቀማለች እላለሁ። እስከዚያው ማታ ከሥራ ስንገባ «በሉ ወይ?» ብቻ ብለን አንለፍ። «ዛሬ ከትናንት ምን የተለየ ነገር አየሽባቸው?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም አንናቀው።