ለአሮጌ ዴስክቶፕ የሚገጥም ዕቃ አመራረጥ

የአሮጌ ዴስክቶፕ እድሳት የሚጀምረው ማዘርቦርዱን ከማወቅ ነው። ፕሮሰሰሩንም ራሙንም ካርዱንም የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው እሱ ነው። ካርቱም ውስጥ ይህን ሳያጣሩ መግዛት በተለይ ያከስራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ የተነሣው በጥቅምት 2017 ነው፤ ለግል መገናኛ የሚሆኑ መሣሪያዎች እንኳ የተፈቀዱት በ2015 መጀመሪያ ላይ ነበር። ስለዚህ ገበያው በሦስተኛ አገር ዞሮ የሚመጣ ዕቃና ያገለገለ የቢሮ ማሽን ለምዷል። ሚያዝያ 2023 በአገሪቱ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ያልገጠመን ዕቃ መልሶ መቀየር የሚታሰብ አይደለም፤ ሻጩም ሱቁም በቦታቸው ላይገኙ ይችላሉ።

ለምሳሌ በ2012 የወጣውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። የፕሮሰሰር ሶኬቱ 1155 ስለሆነ የኢንቴልን 2ኛና 3ኛ ትውልድ ይቀበላል፤ ኮር አይ5 3470 የነበረበት ላይ አይ7 3770 ይገባል። 4ኛው ትውልድ ግን ሶኬቱ 1150 ነውና አይገጥምም። ዴል በ2023 ይህንኑ 7010 የሚል ስም ለአዲስ ማሽን ስለደገመው፣ ስሙን ብቻ ጠይቆ ዕቃ ማዘዝ አያስተማምንም። ከዚህ የባሰው የ1151 ሶኬት ነው፦ 6ኛና 7ኛ ትውልድ፣ 8ኛና 9ኛ ትውልድም ይህንኑ ቁጥር ይጋራሉ። የአንዱ ጥንድ ፕሮሰሰር በሌላው ጥንድ ማዘርቦርድ ላይ ሲገባ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም።

ራም ላይ ዲዲአር3 240፣ ዲዲአር4 288 እግር አለው፤ ስንጥቁም ስለሚለያይ በግድ ካልተገፋ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሞኘው በሰርቨር ራም ነው። ዋጋው ይረክሳል፣ ቁመቱም እኩል ነው፤ እንዲህ ያለ የቢሮ ማሽን ላይ ግን አይሠራም። ራሙ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ታጋልጠዋለች፦ ለምሳሌ ከ12800 ቁጥር ቀጥሎ ያለው የላቲን ፊደል ‹ዩ› ከሆነ የዴስክቶፕ፣ ‹አር› ከሆነ የሰርቨር፣ ‹ኤስ› ከሆነ የላፕቶፕ ነው።

ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው ከሁሉ በፊት የሚያዋጣው ኤስኤስዲ ነው። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ሲያነብ፣ የሳታ ኤስኤስዲ ወደ 500 ይጠጋል። ማሽኑ ቶሎ ሲነሣ የሚታየው ለውጥ ፕሮሰሰር ከመቀየር ይበልጣል። መግዛት ያለበት ባለ ሳታ ገመዱ ነው፤ የዚያ ዘመን ባዮስ ብዙውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ከሚባለው የኤስኤስዲ ዓይነት መነሣት አይችልም።

ግራፊክስ ካርድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ይይ። የ7010 ትልቁ ኬዝ 275 ዋት፣ ቀጭኑ 240 ዋት ነው። ስሎቱ ራሱ ቢበዛ 75 ዋት ስለሚሰጥ፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ይመረጣል፤ ለቀጭኑ ኬዝ ደግሞ አጭሩ ዓይነት። ፓወር ሰፕላይ መቀየርም እንደ ሞዴሉ ነው፦ 7010 የተለመደውን ባለ 24 እግር መሰኪያ ሲጠቀም፣ 9020 የዴል ብቻ የሆነ ባለ 8 እግር አለው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ሲሆን ከኋላው ቀይ የቮልት መቀየሪያ ካለው እሷን መፈተሽ የግድ ነው። ሱዳን 230 ቮልት ስለምትጠቀም፣ መቀየሪያዋ 115 ላይ እንዳለች ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዩፒኤስ ከግራፊክስ ካርድ ይቀድማል። ሙቀቱ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበልም ፋኑን ይደፍነዋል። ሲሞቅ ፍጥነቱን የሚቀንስ ፕሮሰሰር በተሻለ ቢተካ ያው ነው፤ አቧራውን አራግፎ የደረቀውን ፔስት መቀየር በርካሽ ይበልጥ ይረዳል።

ወጪው የት ይቁም የሚለውን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለ7010 ኤስኤስዲና 8 ጊጋ ራም ይበቃዋል፤ ሊኑክስ ከተጫነበት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ገና ያገለግላል። ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሰው ያንኑ ገንዘብ ባለ 8ኛ ትውልድ ያገለገለ ማሽን ላይ ቢጨምረው ይሻለዋል።