የቡና ቅጠል ቢጫ ሲሆን፦ ምልክቶችን መለየትና መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

የቡና ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ብዙ አርሶ አደሮች መድኃኒት ለመግዛት ይቸኩላሉ። ምልክቱ አንድ ቢመስልም ምክንያቱ ልዩ ልዩ በመሆኑ፣ አስቀድሞ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

በቅጠሉ ጀርባ ላይ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀር ብርቱካንማ ዱቄት ከታየ የቡና ቅጠል ዝገት ነው። ዛፉን ወዲያውኑ አይገድልም፤ ቅጠሉን በማርገፍ ግን የቀጣዩን ዓመት ምርት ይቀንሳል። ያረጁ ቅርንጫፎችን መግረዝና ጥላውን መመጠን ይረዳል፤ ለአዲስ ተከላ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መምረጥ ይገባል። ዱቄት ሳይኖር የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቢገረጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ስለሆነ ኮምፖስት መጨመር ይበጃል።

እጅግ የሚያሰጋው የቡና አድርቅ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ በዛፉ አንድ ጎን ይጠወልጋል፤ ከዚያም ዛፉ በሙሉ ይደርቃል። ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱ ሲፋቅ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ጥቁር ቀለም ይታያል። ለዚህ በሽታ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። የታመመው ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው በነበረበት ቦታ መቃጠል አለበት፤ ለማገዶ ብሎ ወደ ቤት መጎተት በሽታውን በየማሳው መዝራት ነው። በሽታ አምጪው ፈንገስ በቁስል በኩል ስለሚገባ፣ በአረምና በኩትኳቶ ጊዜ ግንዱን ላለማቁሰል መጠንቀቅ፣ ገጀራውንም ከዛፍ ወደ ዛፍ ከመሻገር በፊት በእሳት መለብለብ ያስፈልጋል።

ምልክቱን ለመለየት የተቸገረ አርሶ አደር ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ያስታውቅ። የታመመ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይዞ ከመሄድ ይልቅ ባለሙያውን እስከ ማሳው ድረስ መጥራት ይመረጣል።