ትልቁ ወይስ ተስማሚው? የማዕዘን መጋዝ መጠን አመራረጥ ለቤት የእንጨት ሥራ

የሥዕል ፍሬም፣ የበር ክፈፍ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ወይም የግድግዳ ዞኮሎ ሲሠራ የሥራው ውበትና ጥንካሬ በአብዛኛው የሚወሰነው ሁለት እንጨቶች በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ነው። ጫፎቹ በተገቢው ማዕዘን ካልተቆረጡ ሙጫም ሆነ ሚስማር ስሕተቱን አይሸፍነውም። ይህን ቁረጣ ፈጣንና ተደጋጋሚ ለማድረግ ከተሠሩት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አንዱ በገበያ «ማይተር ሶው» እየተባለ የሚጠራው ነው። በዚህ ጽሑፍ «የማዕዘን መጋዝ» እንለዋለን።

መሣሪያውን ለመግዛት የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ የመጠን ጥያቄ ነው። በማሸጊያው ላይ 8½ ኢንች፣ 10 ኢንች ወይም 12 ኢንች የሚል ቁጥር ተጽፎ ያገኛል፤ በሚሊሜትር ሲገለጹ 216፣ 254 እና 305 ናቸው። ቁጥሩ የክቡን የመጋዝ ዲስክ ዲያሜትር ያመለክታል። ብዙዎች «ትልቁ ትንሹን ሥራ ይሠራል፤ ትንሹ ግን ትልቁን አይሠራም» በማለት ገንዘባቸው የፈቀደውን ትልቅ መጋዝ ይመርጣሉ። ይህ አባባል እውነትነት የለውም ማለት ባይቻልም ግማሹን ብቻ የሚናገር ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪና ፊዚክስ የበለጠ አያስፈልግም።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የማዕዘን መጋዝ ከጀርባው ቀጥ ያለ መደገፊያ ያለው ገበታ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞር መቀመጫ፣ እንዲሁም ሞተሩንና ዲስኩን የተሸከመ ወደ ታች የሚወርድ ክንድ አለው። እንጨቱ መደገፊያውን ተጠግቶ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል፤ ዲስኩ ከላይ ወርዶ ይቆርጠዋል። መቀመጫው 45 ዲግሪ ሲዞር እንጨቱ በአግድመት ተቆርጦ የፍሬም ጫፍ ይሆናል። በብዙዎቹ መጋዞች ላይ ክንዱ ራሱ ወደ ጎን ስለሚያጋድል የእንጨቱን ውፍረት አሰልሎ መቁረጥም ይቻላል። እንጨትን በርዝመቱ መሰንጠቅ ግን የዚህ መሣሪያ ሥራ አይደለም።

ዲያሜትር እና የቁረጣ ስፋት

«254 ሚሊሜትር ዲስክ 254 ሚሊሜትር ጣውላ ይቆርጣል» ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። ዲስኩ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ማዕከሉ ገበታው ላይ አይደርስም፤ ዘንጉን የሚያጠብቁት ቀለበቶችና የሞተሩ ሽፋን ከእንጨቱ በላይ መቆየት አለባቸውና። ስለዚህ እንጨቱን የሚቆርጠው የክበቡ ዲያሜትር ሳይሆን በገበታው ልክ የሚያልፈው አውታር ነው። የአውታሩን ርዝመት በፓይታጎረስ ቲዎረም ማግኘት ይቻላል፦ የሬዲየሱ ካሬ ሲቀነስ የማዕከሉ ከፍታ ካሬ፣ የውጤቱ ዳግም ዘር ተወስዶ በሁለት ይባዛል።

ለምሳሌ የ254 ሚሊሜትር ዲስክ ማዕከል ከገበታው 105 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል እንበል። ሬዲየሱ 127 ስለሆነ አውታሩ 143 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የ305 ሚሊሜትሩ ዲስክ ማዕከል ደግሞ የሞተሩ ሽፋን ስለሚገዝፍ በ115 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል ብንል አውታሩ 200 ሚሊሜትር ይደርሳል። በገበያ ላይ ያሉት ተንሸራታች ያልሆኑ መጋዞች የቁረጣ ስፋትም ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ዲያሜትሩ በ20 በመቶ ሲጨምር ስፋቱ በ40 በመቶ ገደማ አድጓል ማለት ነው። የትልቁ ዲስክ ዋነኛ ጥቅም ይህ ነው።

መጋዙ ወደ 45 ዲግሪ ሲዞር ሁኔታው ይለወጣል። የአግድመቱ መስመር ከጣውላው ስፋት በ1.41 እጥፍ ስለሚረዝም የሚቆረጠው ስፋት ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። 143 የነበረው 101፣ 200 የነበረው 141 ሚሊሜትር ይሆናል። ክንዱ ወደ ጎን ሲያጋድል ደግሞ በተመሳሳይ ምክንያት የሚቀንሰው የሚቆረጠው ውፍረት ነው። ስለዚህ ገዢው ማሸጊያው ላይ ሊመለከተው የሚገባው ቁጥር የዲያሜትሩን ብቻ ሳይሆን በ90 እና በ45 ዲግሪ የሚቆርጠውን ስፋትና ውፍረት ነው።

ትልቅ ዲስክ የበለጠ ጉልበት አለውን?

አብዛኛውን ጊዜ የለውም። የ254 ሚሊሜትር መጋዝ በደቂቃ 5,000 ያህል ዙር፣ የ305ቱ ደግሞ 4,000 ያህል ዙር ይዞራል። የጥርሶቹን ፍጥነት ለማግኘት የዲስኩን ዙሪያ በሰከንድ በሚዞረው ዙር ማባዛት ነው። የመጀመሪያው 66.5 ሜትር በሰከንድ፣ ሁለተኛው 64 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ ሁለቱም ከ230 ኪሎ ሜትር በሰዓት አያንሱም። ትልቁ ዲስክ ዝግ ብሎ እንዲዞር የተደረገው የጥርሶቹ ፍጥነት ከልክ እንዳያልፍ ነው።

አሁን ሁለቱም መጋዞች 1,800 ዋት ሞተር አላቸው እንበል። ኃይሉ ሳይባክን ጥርሶቹ ዘንድ ይደርሳል ብለን ብናስብ ጥርሶቹ እንጨቱን የሚገፉበት ጉልበት ኃይል ለፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ ለትንሹ 27 ኒውተን፣ ለትልቁ 28 ኒውተን። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ዲስኩ የሚጨምረው የሚደርስበትን ስፋት እንጂ የሚቆርጥበትን ብርታት አይደለም።

የትልቅነት ዋጋ

አንደኛው ዋጋ መወላገድ ነው። ዲስክ ከመሐሉ ብቻ የተያዘ ስስ የብረት ሳህን ነው። ውፍረቱ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ ብቻ ቢያድግ፣ ጫፉ ላይ ከጎን በሚያርፍ እኩል ጉልበት የሚታጠፍበት መጠን በሬዲየሱ ካሬ ያድጋል። የ1.2 ካሬ 1.44 ስለሆነ ትልቁ ዲስክ 44 በመቶ ያህል የበለጠ ይታጠፋል። ለዚህም ነው ርካሽና ስስ የሆነ ትልቅ ዲስክ ቋጠሮ ሲያጋጥመው ወደ ጎን የሚያፈነግጠው።

ሁለተኛው የጥርስ ብዛት ነው። የ254 ሚሊሜትር ዲስክ 60 ጥርስ ቢኖረው በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት 13.3 ሚሊሜትር ነው። በ305ቱ ዲስክ ላይ ይኸው ርቀት እንዲገኝ 72 ጥርስ ያስፈልጋል። ጥርሶቹ ጫፋቸው ካርባይድ ስለሆነ፣ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን የዲስኩም የማስሞረጃውም ዋጋ ይጨምራል።

ሦስተኛው በዲስኩ ውስጥ የሚከማቸው ኢነርጂ ነው። ውፍረታቸው 1.8 ሚሊሜትር የሆነ ሁለት የብረት ዲስኮች ብንወስድ ትንሹ 0.7፣ ትልቁ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። በሙሉ ፍጥነት ሲዞሩ የመጀመሪያው 800 ጁል፣ ሁለተኛው 1,050 ጁል ያህል ይይዛል። 800 ጁል ማለት 1 ኪሎ ግራም ድንጋይ ከ80 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ኢነርጂ ነው። ማብሪያው ከተለቀቀ በኋላም ዲስኩ ለሰከንዶች መዞሩን የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው መጋዝ መምረጥ ከዲያሜትር ልዩነት የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

መጠን የማይፈታው ችግር

አራት ጎን ያለው ፍሬም ስምንት የ45 ዲግሪ ቁረጣዎች አሉት። መጋዙ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት በእያንዳንዱ ማዕዘን የሁለት ቁረጣ ስሕተት ተደምሮ 1 ዲግሪ ይሆናል። እንጨቱ 60 ሚሊሜትር ስፋት ካለው የአግድመቱ መስመር 85 ሚሊሜትር ስለሆነ 1.5 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈጠራል። ሦስቱ ማዕዘኖች በግድ ቢገጠሙ የሁሉም ስሕተት በአራተኛው ላይ ተጠራቅሞ ክፍተቱ ወደ 6 ሚሊሜትር ይደርሳል። ይህን የሚያርመው ትልቅ ዲስክ ሳይሆን መደገፊያውንና ዲስኩን በጥሩ ስኳድራ መፈተሽና ማስተካከል ነው። ከመግዛት በፊት ክንዱን ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማነቃነቅ ልቅነት መኖሩን መመርመርም ይጠቅማል።

ተንሸራታቹ መጋዝ

ስፋት ለመጨመር ሁለተኛው መንገድ ክንዱን በሐዲድ ላይ ማንሸራተት ነው። እንዲህ ያለ መጋዝ ዲስኩ 254 ሚሊሜትር ቢሆንም በ90 ዲግሪ 300 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጣውላ መቁረጥ ይችላል። 216 ሚሊሜትር ዲስክ ያላቸው ተንሸራታቾችም ለመደርደሪያ ጣውላ ይበቃሉ። ሆኖም ሐዲዱ ዋጋውን ያስወድደዋል፤ ብዙ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስላለው በጊዜ ብዛት ሊላላ ይችላል። ከጀርባውም ለሐዲዱ ቦታ ይፈልጋል። ተራ የ10 ኢንች መጋዝ ከ11 እስከ 15 ኪሎ ግራም ሲመዝን ባለ 12 ኢንቹ ተንሸራታች ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በጠባብ ክፍል ለሚሠራና መሣሪያውን በየቀኑ እያነሣ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ መሣሪያ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። በዚያ አገር የቤት መስመር 120 ቮልት ነው፤ 15 አምፔር ሲባዛ 1,800 ዋት ይሆናል። በኢትዮጵያ መስመሩ 220 ቮልት ስለሆነ መጋዙ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ከመቃጠሉም በላይ ዲስኩ ከተፈቀደለት ፍጥነት አልፎ ሊዞር ይችላል። ይህ ለሕይወት አስጊ ነው። መፍትሔው ቮልቴጁን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሲሆን፣ ሞተሩ ሲነሣ ብዙ አምፔር ስለሚስብ ከ1,800 ዋት በቂ ትርፍ ያለው፣ ለምሳሌ 3,000 ቮልት አምፔር የሚሸከም፣ መሆን አለበት። የ60 እና የ50 ኸርዝ ልዩነት ግን በካርቦን ብሩሽ በሚሠሩት ሞተሮች ላይ ችግር አይፈጥርም።

በ220 ቮልት የሚሠራ 1,800 ዋት መጋዝ 8.2 አምፔር ያህል ይስባል። በ50 ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ቢሠራና የመዳብ ሽቦው ውፍረት 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን 19 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ገመዱም ይግላል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ግን ብክነቱ ከ6 ቮልት አይበልጥም። መጋዙ «ደከመ» ሲባል አንዳንድ ጊዜ የደከመው ገመዱ ነው።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ?

ከመግዛት በፊት ወረቀት ይዞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊሠሩ የታሰቡትን ዕቃዎች መዘርዘር ይገባል። ከእያንዳንዱ አጠገብ የእንጨቱ ስፋት፣ ውፍረትና የቁረጣው ማዕዘን ይጻፍ። ከዚያም ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ትልቁ ቁረጣ ይለይ።

ሥራው የሥዕል ፍሬም፣ ትንንሽ ሣጥንና ጌጣጌጥ ከሆነ 216 ሚሊሜትር ይበቃል። 5 በ7 ሴንቲሜትር ሞራሌ፣ ዞኮሎ፣ የወንበርና የጠረጴዛ እግር የሚቆርጥ ሰው 254 ሚሊሜትሩ አይጎድልበትም፤ ለአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ሚዛናዊው መጠን ይኸው ነው። ሰፋፊ የመደርደሪያ ጣውላ የሚያዘወትር ደግሞ ወደ ትልቅ ዲያሜትር ከመሄዱ በፊት ተንሸራታቹን 216 ወይም 254 ይመልከት። 305 ሚሊሜትሩ የሚገባው ወፍራም ቋሚና ሰፊ ክፈፍ በየቀኑ ለሚቆርጥ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለሚያጋጥም ሰፊ ጣውላ ግን ሙሉ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ለ90 ዲግሪ ቁረጣ አንዱን ወገን ቆርጦ፣ ማብሪያውን ለቆ፣ ዲስኩ ከቆመ በኋላ ጣውላውን ገልብጦ ሌላውን ወገን መጨረስ ይቻላል፤ ወይም የእጅ መጋዝ ይበቃል።

ዲስክ ሲለወጥ ዲያሜትሩ ብቻ ሳይሆን የመሐሉ ቀዳዳም ይለካ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ባለ 10 ኢንች ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ 16 ሚሊሜትር ገደማ፣ ባለ 12 ኢንቾቹ 25.4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሲኖራቸው የአውሮፓዎቹ በብዛት 30 ሚሊሜትር ናቸው። በዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ቁጥርም ከመጋዙ ዙር ማነስ የለበትም።

ስለ ጤናና ደኅንነት

እጅ ከዲስኩ መስመር ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ። አጭር ቁራጭ በእጅ ሳይሆን በማጣበቂያ ይያዝ። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ክንዱ አይነሣ፤ ቁራጩም አይነካ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ የግድ ናቸው። የእንጨት ብናኝም የሚናቅ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ስለሆነም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ በቂ አየርና ከተቻለ የብናኝ መሳቢያ ያስፈልጋሉ። ለትልቅ ዲስክ ሊወጣ የታሰበው ትርፍ ገንዘብ ለእነዚህና ለጥሩ ባለ ብዙ ጥርስ ዲስክ ቢውል የተሻለ ሥራና የተጠበቀ ጤና ይገኝበታል።

አንባቢው ስሌቱን ራሱ እንዲሞክረው አንድ ጥያቄ እንተውለት፦ የዲስኩ ዲያሜትር 216 ሚሊሜትር፣ የማዕከሉ ከፍታ 88 ሚሊሜትር ቢሆን መጋዙ በ90 እና በ45 ዲግሪ ምን ያህል ስፋት ይቆርጣል? መልሱን አግኝቶ በቤቱ ካለው እንጨት ጋር ያመሳከረ ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት የሚገዛውን ያውቃል።